የሁለት ጣት ሒሳብ

ልደታ ፍርድ ቤት በር ላይ ጠዋት ጠበቃና ደንበኛ ቆመው ሲያወሩ ከሚሰማው ግማሹ ቁጥር ነው። በቅርቡ በያዝኩት መዝገብ ውስጥ ቁጥሩ 72,000 ብር ነበር። ደንበኛዬ ወጣት የእንጨት ሥራ ባለሙያ ነው፤ የመጋዙ ማሽን የቀኝ እጁን ሁለት ጣቶች ወሰደበት። ሜዲካል ቦርዱ 20 በመቶ ቋሚ ከፊል የአካል ጉዳት ብሎ ጻፈ።

የአሠሪና ሠራተኛ ዐዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለቋሚ ሙሉ የአካል ጉዳት የአምስት ዓመት ደመወዝ ያስከፍላል፤ ከፊል ሲሆን በጉዳቱ መጠን። ከአምስት ዓመት ላይ 20 በመቶ ማለት የአንድ ዓመት ደመወዝ ነው። ይህን ለደንበኞቼ በጣት እያስቆጠርኩ ነበር የማስረዳው፤ ለዚህኛው ግን ወረቀት ላይ ጻፍኩለት። በወር 6,000፣ በዓመት 72,000 ብር። የሥር ፍርድ ቤቱም ይህንኑ ፈረደ።

ይግባኝ ያለው አሠሪው አይደለም። አሠሪው «የመድን ሽፋን አለኝ» ብሎ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 43 ወደ ክርክሩ ያስገባው ኢንሹራንስ ነው። ቅሬታው አንድ ነጥብ ነበር፤ ከ6,000 ብሩ ውስጥ 1,500ው አበል እንጂ ደመወዝ አይደለም የሚል። የማይረባ ነጥብ አይደለም። የዐዋጁ አንቀጽ 53 የትርፍ ሰዓት ክፍያን፣ አበልንና ቦነስን ከደመወዝ አይቆጥራቸውም። እኔም አንድ ጊዜ በመድን ሰጪው ወገን ቆሜ እንዲህ ያለ ይግባኝ ጽፌያለሁ። ያኔ ፍርዱን ከማንበባችን በፊት የምናገላብጠው ፔይሮሉን ነበር። አረቦኑ የሚሰላው አሠሪው ባስታወቀው ደመወዝ ላይ ነው፤ አረቦን እንዲቀንስለት ደመወዝ የሚያሳንስ አሠሪ ደግሞ አይጠፋም። ስለዚህ መድን ሰጪውን ለመውቀስ አንደበቴ ብዙም አይፈታም።

የሚቆጨኝ ሌላው ሒሳብ ነው። አበሉ ቢቀነስ እንኳ ደመወዙ 4,500 ይሆንና ካሳው 54,000 ብር ይመጣል። ጠቡ 18,000 ብር ላይ ነው ማለት ነው። የታገደው ግን 72,000ው በሙሉ! ይግባኙ ያስቀርባል ተባለ፣ በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 332 እግድ ተጠየቀ፣ ገንዘቡ በሞዴል 85 ደረሰኝ ፍርድ ቤት በአደራ ተያዘ። ማንም ያልካደው 54,000 ከተካደው 18,000 ጋር አብሮ ታሰረ። ሠራተኛው ከኢንሹራንሱ ጋር ውል የለውም፤ ዐዋጁ ካሳውን የጣለው ጥፋት ባይኖርበትም በአሠሪው ላይ ነው። የሁለት ነጋዴዎች የውል ክርክር ግን ልጁ ኪስ ድረስ ዘልቆ ገባ።

እግዱ በልዩነቱ ብቻ እንዲወሰንና ቀሪው እንዲለቀቅ ማመልከት የኔ ሥራ ነበር። አላመለከትኩም። ዐዋጁ ለይግባኝ ማቅረቢያ 30 ቀን፣ ለይግባኝ ሰሚው ውሳኔ 60 ቀን ስለሚል «ቶሎ ያልቃል» ብዬ ተዘናጋሁ፤ አላለቀም። የሥራ ባልደረባዬ «ወለድ ጠይቅለት» ይለኛል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ሕጋዊው ወለድ በዓመት 9 በመቶ ነው፤ በ2014 የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ሲሆንም ያው 9 ነበር። ካሳው የሚሰላው ጣቱ በተቆረጠበት ጊዜ ደመወዝ፣ ጤፉ የሚገዛው በዛሬ ዋጋ።

ባለፈው ሳምንት ማመልከቻውን አዘጋጀሁና ልጁን ቃለ መሐላው ላይ እንዲፈርም ቢሮ ጠራሁት። እስክሪብቶውን በግራ እጁ ያዘ።

«ጋሼ፣ የድሮው ፊርማዬ አይመጣልኝም። ችግር አለው?»

የሥራ ውሉን አውጥቼ አስተያየሁት፤ በእርግጥ የአንድ ሰው ፊርማ አይመስሉም። ሌላኛው ወገን ይህንንም መቃወሚያ እንዳያደርገው ከፊርማው ሥር በእጄ ጨመርኩበት፦ «በጉዳቱ ምክንያት በግራ እጅ የተፈረመ»።