የእባብ እንቁላል እንደ ዶሮ አይታቀፍም

በጅማ አካባቢ፣ አጋሮም ይሁን ሊሙ ገነት፣ ዶሮ አስታቅፎ የማያውቅ ቤት ማግኘት ያስቸግራል። ጭድ ይነጠፋል፣ እንቁላሉ ይደረደራል፣ ዶሮዋ በቀን ደጋግማ እያገላበጠች ትሞቀዋለች፤ በ21ኛው ቀን ጫጩት ይፈለፈላል። ይህ ልምድ ለእባብ እንቁላል ሲውል ግን ገዳይ ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ እባብ በቤታቸው የሚያረቡ ሰዎች መጀመሪያ የሚማሩት እንቁላሉን አለማገላበጥን ነው።

ምክንያቱ ከውስጥ ነው። የዶሮ እንቁላል ሲሰበር ከአስኳሉ ጋር ተያይዞ የሚታይ ወፍራም ነጭ ክር አለ። አስኳሉን ከሁለት ወገን ይዞ፣ እንቁላሉ በየትም በኩል ቢዞር ፅንሱ ወደ ላይ እንዲመለስ የሚያደርገው እሱ ነው። የእባብ እንቁላል ይህ ክር የለውም። በተጣለ በአንድ ቀን ገደማ ውስጥ ፅንሱ ከላይኛው ቅርፊት ሥር ቦታውን ይይዛል፤ የሚተነፍስበት የደም ሥር መረብም እዚያው ይዘረጋል። ከዚያ በኋላ ቢገለበጥ አስኳሉ ሊጫነውና ሊያፍነው ይችላል። አርቢዎች የእንቁላሉን አናት በእርሳስ ምልክት የሚያደርጉት ለዚህ ነው። እርስ በርሳቸው የተጣበቁትንም አያላቅቁም፤ እንደተጣበቁ ያስቀምጧቸዋል።

ቅርፊቱም ሌላ ነው። የዶሮው ደረቅና ተሰባሪ ሲሆን የእባቡ እንደ ለስላሳ ቆዳ በጣት ሲነካ ይሰረጉዳል። የዶሮ እንቁላል እየታቀፈ ሲሄድ ውሃ ያጣና ይቀልላል። የብዙ እባቦች እንቁላል ግን ከሥሩ ካለው እርጥበት ውሃ እየሳበ ያብጣል፣ ይከብዳልም። ሊፈለፈል ገና ቀን ሲቀረው ጎድጎድ ካለ ውሃ ጠምቶታል ማለት ነው። ስለዚህ ክዳን ባለው ሣጥን ውስጥ ቨርሚኩላይት የተባለው ማዕድን ከእኩል ክብደት ውሃ ጋር ተደባልቆ ይነጠፋል። ሲጨመቅ ውሃ የሚያንጠባጥብ ከሆነ በዝቷል፤ እንቁላሉ በውሃ ከተዋጠ መተንፈስ አይችልም።

ሙቀቱ ነው ትልቁ ጣጣ። የዶሮ እንቁላል 37.5 ዲግሪ አካባቢ ይፈልጋል። በውጭ አገር ቤቶች በብዛት የሚረባው ትንሹ የምዕራብ አፍሪካ ዘንዶ ግን እንቁላሉ 31 ወይም 32 ዲግሪ ይበቃዋል፤ ከ55 እስከ 60 ቀን ባለው ጊዜም ይፈለፈላል። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ሌሊቱ ከ15 ዲግሪ በታች ይወርዳል። እዚህ ያለ ማሞቂያ የዘንዶ እንቁላል ክፍል ውስጥ ቢቀመጥ ፅንሱ ይሞታል ወይም አካለ ጎዶሎ ሆኖ ይወጣል። ማሞቂያው ሙቀት የሚቆጣጠር ቴርሞስታት ከሌለው ደግሞ ከቅዝቃዜው የባሰ አደጋ አለው። መብራት ጠፍቶ ለጥቂት ሰዓት ቢቀዘቅዝ ፅንሱ ብዙ ጊዜ ይችለዋል፤ ከ35 ዲግሪ በላይ መሞቅን ግን አይችልም። በሣጥኑ ጎን በውሃ የተሞሉ ጠርሙሶች ማስቀመጥ ሙቀቱ ቶሎ እንዳይወርድ ይረዳል።

እባቦቹ ራሳቸው ለዚህ ቅዝቃዜ መላ አላቸው። እፉኝት እንቁላሏን ሆዷ ውስጥ ይዛ ፀሐይ እየሞቀች ግልገል ትወልዳለች። ልጆቿ ሆዷን ቀድደው ይወጣሉ የሚባለው እውነት አይደለም፤ በተለመደው መንገድ ወልዳ በሕይወት ትኖራለች። ብዙ ተመራማሪዎች በእባቦች ዘንድ መውለድ የመጣው በቀዝቃዛ አካባቢ ነው ይላሉ። ዘንዶ ግን እንቁላል ጥላ ትጠመጠምበታለች። እ.ኤ.አ. በ1966 በኒው ዮርክ የእንስሳት ማቆያ የተጠና አንድ የእስያ ዘንዶ ጡንቻዋን እያንቀጠቀጠች ሰውነቷን ከአካባቢው አየር ይበልጥ ስታሞቅ ታይታለች። የእኛው ዘንዶ የቅርብ ዘመድ የሆነችው የደቡብ አፍሪካዋ ደግሞ አትንቀጠቀጥም፤ ፀሐይ ሞቃ እስከ 40 ዲግሪ ከተጠጋች በኋላ ወደ ጉድጓዷ ተመልሳ ሙቀቱን ለእንቁላሎቹ ታካፍላለች። ግሬአም አሌክሳንደር የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተመው ጥናት እናቲቱ ከተፈለፈሉ በኋላም ለሁለት ሳምንት ያህል ከልጆቿ ጋር እንደምትቆይ አሳይቷል። እናት የሌለው አውሬ ነው ብለን ስለምናስበው ፍጥረት ይህን ማወቅ ደስ ይላል።

አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። በቡና ጥላ ሥር ቅጠል ሲገለጥ የተገኘ እንቁላል ወደ ቤት የሚወሰድ አይደለም። አይጥ እየበላ የሚጠቅመን ቡናማው የቤት እባብ እንቁላል ይጥላል፤ በደቡብ ምዕራብ ደኖች የሚኖረው የደን ኮብራም ይጥላል። እንቁላሉን አይቶ መለየት ከባድ ነው፤ የኮብራ ግልገል ደግሞ ገና ከቅርፊቱ ሲወጣ መርዝ አለው። የዱር እንስሳትን ያለ ፈቃድ መያዝም በሕግ የተከለከለ ነው። ይህ እውቀት ሕጋዊ ፈቃድ ላላቸው አርቢዎች፣ ለተመራማሪዎችና እንቁላሉን ባለበት ለሚተው ገበሬ ነው።

ቀኑ ሲደርስ ግልገሉ አፍንጫው ጫፍ ላይ ባለች ትንሽ ጥርስ ቅርፊቱን ይሰነጥቃል፤ ጥርሷ ብዙም ሳትቆይ ትወድቃለች። ከዚያ አንገቱን አውጥቶ አንድ ቀን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሳይንቀሳቀስ ይቀመጣል። የቀረውን አስኳል ወደ ሆዱ እየሳበ ስለሆነ ቸኩሎ ጎትቶ ማውጣት የደም ሥሩን ይበጥሳል። በራሱ ሲወጣ በእርጥብ ጨርቅ ላይ ይቀመጣል፤ ያ አስኳል ስንቁ ስለሆነም ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ የመጀመሪያ ቆዳውን እስኪገፍ ድረስ ምግብ አያስፈልገውም።