ዶዘር ሽንኩርት አይደለም፣ በኪሎ አትሽጡት

ዛሬ ጠዋት ድሬዳዋ ቀፊራ የወጣሁት ሽንኩርትና ሚጥሚጣ ልገዛ ነበር። ገበያው ዳር ቁርጥራጭ ብረት የሚመዝን ሰው ጋ ስደርስ እግሬ ቆመ። ከሚዛኑ ስር፣ በአሮጌ ባልስትራና በላሜራ መካከል፣ መዳፍ የምታህል የካተርፒላር ሰሌዳ ወድቃለች። በመሮ ተመትታ የተነሳች መሆኗ ያስታውቃል፣ ጠርዟ ተጣሟል። በሸሚዜ ጠረግኋት። 46ኤ ብላ ትጀምራለች።

«ይቺ ከየት መጣች?» አልኩት።

«ሟች የተወው ዶዘር አለ፣ ልጆቹ እየሸጡት ነው። ነገ ኦክስጅን ይዘን ገብተን እንቆራርጠዋለን» አለኝ።

ሰሌዳዋን ገዛሁ፣ ሽንኩርቱን ረሳሁት። በዚህ ጉዳይ እቤት የተባልኩትን አልጽፍም።

ሃያ ስድስት ዓመት ሰንሰለት ስር ተኝቼ ነው የኖርኩት። ስለዚህ ተናድጄ ብጽፍ፣ ፊደልም ብገድፍ፣ አትታዘቡኝ። አባቱ ሞቶ ዶዘር፣ ግሬደር ወይም ሎደር የወረሰ ሰው ቀብሩ ሳይደርቅ ሁለት ዓይነት አማካሪ ይከበዋል። አንደኛው «ዝገት ነው፣ አስመዝነህ ተገላገል» ይላል። ሁለተኛው «የጣሊያን ጊዜ ነው፣ ውስጡ ሬድ ሜርኩሪ አለ፣ ሚሊዮን ያወጣል» ይላል። ሁለቱም ቁልፍ ጨብጠው አያውቁም። በተራ በተራ ልሂድበት።

1. ቁጥሩ። ከሁሉም በፊት ቁጥሩ! ስሙ በቀለም ተጽፎ ይሆናል፣ ቀለም ደግሞ ማንም ይቀባል። ዲ7 ላይ ዲ8 ብሎ ጽፎ የሸጠ ሰው አይቻለሁ። የማሽኑ እውነተኛ ስም ሰሌዳው ላይ ያለው የመለያ ቁጥር መጀመሪያ ነው። 46ኤ ካለ ፓወር ሺፍት ዲ8ኤች ነው። 77ቪ ካለ እሱን የተካው ዲ8ኬ ነው። 94ኤን ዲ7ኤፍ፣ 92ቪ ዲ7ጂ። ቀሪው አሃዝ ከዚያ ዓይነት ስንተኛው እንደሆነ ይነግራችኋል፣ ከእሱም የተሠራበት ዘመን ይወጣል። ሰሌዳው ከሌለ ከኋላ በኩል ጭቃውንና ቅባቱን ፍቃችሁ ብረቱ ላይ የተመታ ቁጥር ፈልጉ። የሞተሩ ቁጥር ለብቻው ነው፣ አታደባልቁ። ቴስታታው ላይ ጎልቶ የተቀረጸውን ቁጥር ፎቶ አንስታችሁ «ካፖ፣ ሞዴሉ ይሄ ነው?» የምትሉኝም እረፉ። እሱ የዕቃው ቁጥር ነው፣ የማሽኑ አይደለም።

ሰሌዳ መንቀል ማለት የሰውየውን መታወቂያ ቀዶ ሬሳውን ማንነቱ ያልታወቀ ማድረግ ነው። ለምን እንደሚነቀል ታውቃላችሁ? ገዢው ማሽኑን ስለማያውቀው አይደለም። እሱማ አሳምሮ ያውቀዋል። እናንተ እንዳታውቁ ነው። ሰሌዳ የሌለው ማሽን ፋይል የለውም፣ ዕቃ ሲታዘዝለት ልኩ አይታወቅም፣ ከሊብሬው ጋር የሚመሳከር ቁጥር የለውም፣ ባለቤቱ መከራከሪያ ያጣል። ከዚያ ወዲያ የቀረው ኪሎ ነው። «ለማስታወሻ ልውሰዳት» የሚል እንግዳ ከመጣ ሻይ አጠጥታችሁ ሸኙት፣ ሰሌዳዋን ግን አትስጡት። ዛሬውኑ በስልክ ፎቶ አንሱ፣ ለእህት ለወንድም ሁሉ ላኩ።

2. የጣሊያን ጊዜ የሚባለው ተረት። ጣሊያን ድሬዳዋን የለቀቀው መጋቢት 1933 ዓ.ም. ነው። ዲ8ኤች መመረት የጀመረው ከዚያ ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ታዲያ ጣሊያን በምን ተአምር አመጣው? የአሜሪካ መንገድ መሥሪያ ማሽን በብዛት መግባት የጀመረው በ1943 ዓ.ም. አውራ ጎዳና ባለሥልጣን ከተቋቋመ በኋላ ነው። በዚያው ዓመት ነው ዓለም ባንክ ለመንገድ 5 ሚሊዮን ዶላር ያበደረው። የአባቶቻችን ኦፕሬተርነትና መካኒክነት የመጣው ከዚያ ነው፤ ብዙዎቹም ያንን ማሽን አርጅቶ በጨረታ ሲወጣ ገዝተው ነው ለልጅ የተዉት።

ሬድ ሜርኩሪ ለሚሉት ደግሞ አንድ ነገር ላስታውስ። ሚያዝያ 2001 ዓ.ም. ሳውዲ ውስጥ አሮጌ ሲንገር ስፌት መኪና ውስጥ ሬድ ሜርኩሪ አለ ተብሎ ሕዝብ ተራኮተ። ሞባይል ወደ መርፌው ያስጠጋሉ፣ መስመሩ ከተቋረጠ «አለ!» ይባላል። ዋጋው ሰማይ ነካ፣ ፖሊስ ማጭበርበር ነው ብሎ እስኪያስጠነቅቅ ድረስ። ከዚህ ከተማ ስንት ሰው ጅዳ ደርሶ እንደመጣ ታውቃላችሁ፤ ወሬውም አብሮ ሳይመጣ አልቀረም። ባለፈው ዓመት አንድ ቤተሰብ ይህንኑ «ዕቃ» ፍለጋ ደህናውን የነዳጅ ፖምፓ በመዶሻ ከፈቱት። ውስጡ ናፍጣ ነበር።

3. አንደርካሬጅ። ዶዘር ሲጠገን ከሚወጣው ገንዘብ ግማሽ ያህሉን የሚበላው እሱ ነው። ቀለሙን ትታችሁ ጎንበስ በሉ። የስፕሮኬቱ ጥርስ እንደ ወስፌ ሾሏል? ሮለሩ ዘይት ያለቅሳል? ሰንሰለቱ መርገቡ ብቻውን አያስደንግጥ፣ በግሪስ ይወጠራል። ፒንና ቡሹ ካለቀ ግን መወጠርም አያድነው።

ሞተሩን በተመለከተ ብዙ አልልም፣ የሚያውቅ ያውቃል። ለዓመታት የቆመን ሞተር ባትሪ አምጥታችሁ በስታርተር አታስጨንቁት፣ በመጀመሪያ በእጅ ይዞር። የሰዓት ቆጣሪውን አትመኑ፣ አሮጌ ማሽን ላይ ቆጣሪው ከባለቤቱ በፊት ነው የሚሞተው። ደቻቱ ወንዝ ዳር ቆሞ የነበረ ከሆነ ደግሞ የ1998ቱ የሐምሌ ጎርፍ አግኝቶት እንደሆነ ጎረቤት ጠይቁ። ከውጭ ያለው ደለል ይታጠባል፣ ካምቢዮ ውስጥ የገባው ግን ዝም ብሎ ኩሽኔታ ይበላል።

ዋጋውን እንዴት እናውጣ ለምትሉ፣ የኪሎው ዋጋ ወለሉ ነው። ዲ8ኤች ከ20 ቶን በላይ ስለሆነ ወለሉ ራሱ ዝቅ ያለ አይደለም። በላዩ የዕቃው ዋጋ አለ። ዲ8ኤች ላይ ያለው ዲ342 ሞተር ዲ8ኬ ላይም ያለ ነው፤ ስለዚህ ኮሎው፣ ቴስታታው፣ ቢዬላው ፈላጊ አላቸው። ከሁሉም በላይ ተነስቶ የሚሠራ ማሽን ዋጋ፣ ሲቀነስ የማስነሻው ወጪ። ከአሜሪካ ጨረታ ያገኛችሁትን ዋጋ በዶላር እያባዛችሁ አታምጡብኝ። እሱ እዚያው ቆሞ የሚሠራ ማሽን ዋጋ ነው።

4 ይሁን 5፣ ጠፋብኝ። ወረቀቱ።

እዚህ ላይ ደሜ ይፈላል። የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት ታወጣላችሁ፣ እሺ። ከቀረጥ ነፃ የገባ ከሆነ ስም ከመዞሩ በፊት የቀረጡ ነገር ይጣራል፣ ይህም እሺ። ግን ባለፈው አንድ ቤተሰብ ይዤ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። ኮምፒውተሩ የሻንሲ ቁጥር ይጠይቃል፣ 17 ፊደልና አሃዝ ካልሞላ አያሳልፍም። የእኛ ማሽን በጠቅላላው ስምንት ነው ያለው። የ17ቱ አሠራር የመጣው ይህ ማሽን አርጅቶ ጡረታ ከወጣ በኋላ ነው! ልጅቷ ቅን ነች፣ «ጋሼ፣ ፊት ለፊቱ ዜሮ ልጨምርበት?» አለችኝ። ኃላፊው በበኩሉ «ሰሌዳውን አምጡልን» አለ። ነቅለን ማለቱ ነው! ስንት ጊዜ ተመላለስን፣ ስንት ፎቶ ኮፒ አነሳን፣ ማሽኑ ደግሞ ፀሐይ ላይ ነው። ቆራሌው ግን ፎርም የለውም፣ ጥሬ ብር ይዞ በር ላይ ቆሟል። ሰው ቢሸጥ ይፈረድበታል?

የዛሬዎቹን ልጆች ከሰዓት በኋላ አገኘኋቸው። ኦክስጅኑ ለጊዜው ቀርቷል። ሰሌዳዋን መልሼላቸው ትልቁ ልጅ ኪሱ ከትቷታል። ሰንሰለቱ የማይናቅ ነው፣ ሞተሩም በእጅ ዞሯል። አንድ ነገር ግን ጎድሎ አገኘሁ። ይህ ማሽን ትልቁን ሞተር የሚያስነሳ፣ ባለ ሁለት ሲሊንደር ትንሽ የቤንዚን ሞተር ጎኑ ላይ ነበረው። «ለውኃ መሳቢያ ይሆነኛል» ብሎ አንድ ሰው ከሦስት ሳምንት በፊት ከልጆቹ ገዝቶታል። ያለ እሱ ማስነሳት አንችልም።

ወንድሜ፣ ይህንን የምታነብ ከሆነ ውኃ አይስብልህም፣ ለዚያ አልተሠራም። ቀፊራ ብረት ከሚመዝነው ሰው ጋ ተወው ወይም እዚህ ጻፍልኝ። ልጆቹ ከገዛህበት ጨምረው ይከፍሉሃል።