ከጨጓራ ቀዶ ሕክምና በኋላ የምግብ ምርጫ ይለወጣልን?

ከልክ ያለፈ ውፍረት ያለበት ሰው ጨጓራው በቀዶ ሕክምና እንዲያንስ ሲደረግ የሚበላው ምግብ መጠን እንደሚቀንስ መገመት አያዳግትም። የሚያስገርመው ግን ብዙ ታካሚዎች የምግብ ምርጫቸው ጭምር እንደተለወጠ መናገራቸው ነው። ቀድሞ ኬክና ጥብስ ይወዱ የነበሩ ሰዎች፣ ከሕክምናው በኋላ ጣፋጭና ቅባት የበዛበት ምግብ እንደሚያስጠላቸው ይገልጻሉ። ለመሆኑ ጨጓራን መቁረጥ የምላስን ፍላጎት ሊለውጥ ይችላልን?

በዓለም ላይ በስፋት ከሚሠሩት የውፍረት መቀነሻ ቀዶ ሕክምናዎች ሁለቱን እንመልከት። በአንደኛው ከጨጓራው ሦስት አራተኛ ያህሉ ተቆርጦ ይወጣና የቀረው እንደ ጠባብ ቱቦ ይሆናል። መነሻው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ኤድዋርድ ሜሰንና ቺካሺ ኢቶ በአሜሪካ አዮዋ ዩኒቨርሲቲ በሠሩት ሥራ የሆነው ሌላኛው ደግሞ፣ ከጨጓራው አናት 30 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ ማለትም ሁለት የሾርባ ማንኪያ ያህል ብቻ የሚይዝ ከረጢት ለይቶ በቀጥታ ከትንሹ አንጀት ጋር ያገናኛል። ምግቡም አብዛኛውን ጨጓራና የትንሹን አንጀት መጀመሪያ ሳይነካ ያልፋል።

ምርጫ ሊለወጥ የሚችልበት አንዱ ምክንያት ፊዚክሳዊ ነው። ጤነኛ ጨጓራ ምግብን እየፈጨ በጥቂት በጥቂቱ ወደ አንጀት ይለቃል። ጨጓራው ሲታለፍ ግን ስኳር የበዛበት ምግብ በአንድ ጊዜ ይገባል። ቋንጣ ሲዘጋጅ ጨው ከሥጋው ውኃ እንደሚስብ ሁሉ፣ ብዙ ስኳር የሟሟበት ፈሳሽም ከደም ሥሮች ውኃ ወደ አንጀት ይስባል፤ ሂደቱ ኦስሞሲስ ይባላል። በዚህና ተከትሎት በሚመጣው የሆርሞኖች ለውጥ ምክንያት ታካሚውን ያልበዋል፣ ልቡ በፍጥነት ይመታል፣ ያዞረዋል፤ አንዳንዴም ያስቀምጠዋል። እንዲህ ያሠቃየ ምግብ ቢያስጠላ አይደንቅም።

ሁለተኛው ምክንያት ኬሚካዊ ነው። ማሳያሱ ኮጂማና ኬንጂ ካንጋዋ እ.ኤ.አ. በ1999 በጃፓን ያገኙት ግሬሊን የተባለው ሆርሞን በዋናነት ከጨጓራ እየመነጨ ለአንጎል ረኀብን ያስታውቃል። ጨጓራው ሲቆረጥ መጠኑ ይቀንሳል። በአንጻሩ ጥጋብን የሚያበሥረው ጂ.ኤል.ፒ.-1 በተለይ ጨጓራው ከታለፈ በኋላ ከምግብ ቀጥሎ በእጅጉ ይጨምራል። ሴማግሉታይድ የተባለው የዘመናችን መድኃኒት የሚመስለው ይህንኑ ሆርሞን ነው።

ይሁን እንጂ የምርጫው ለውጥ በአብዛኛው የተነገረን በታካሚዎች ቃልና በመጠይቅ ነው። የሰው ትዝታ ይሳሳታል፤ ሐኪም ፊት ሲቀርብ ደግሞ ኀፍረትም ይጨመርበታል። በመሆኑም በሰሜን አየርላንድ የአልስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችና ባልደረቦቻቸው ታካሚዎችን በምርምር ማዕከል አሳድረው፣ የተለያዩ ምግቦችን አቅርበው የተበላውን ራሳቸው ለኩ። ልኬቱ ከቀዶ ሕክምናው በፊትና እስከ ሁለት ዓመት ድረስ በኋላ ተደጋገመ። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመው ውጤት እንደሚያሳየው ታካሚዎቹ የበሉት መጠን በእጅጉ ቀንሷል፤ ከምግባቸው ውስጥ የቅባት፣ የካርቦሃይድሬትና የፕሮቲን ድርሻ ግን በአመዛኙ እንደነበረ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ የዴንማርክ ጥናትም ተመሳሳይ ውጤት አግኝቷል።

ይህ ማለት ታካሚዎቹ ዋሽተዋል ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ሌላ ሙከራ እንዳሳየው፣ ጨጓራቸው የታለፈ ሰዎች ጣፋጭ ከረሜላ ለማግኘት ለመድከም የነበራቸው ፈቃደኝነት ቀንሷል፤ ለአትክልት ግን አልተለወጠም። ጉጉት አንድ ነገር ነው፤ ማዕድ ላይ የሚበላው ሌላ።

ልዩነቱ ለታካሚው ብርቱ ትርጉም አለው። ምርጫዬ በራሱ ይለወጣል ብሎ የጠበቀ ሰው፣ ጣፋጭ አሁንም ሲያምረው ሕክምናው የከሸፈ ወይም ራሱ ደካማ የሆነ ይመስለዋል። ከዚህም በላይ፣ ትንሽ የሚበላና ከምግቡ በደንብ የማይመጥ ሰው ለብረትና ለቫይታሚን ቢ12 እጥረት ይጋለጣል። ስለዚህ ጥቂቱን ጉርሻ በጥንቃቄ መምረጥ፣ የታዘዙትን ቫይታሚኖች መውሰድና በየጊዜው የደም ምርመራ ማድረግ ያስፈልገዋል። ቀዶ ሕክምናው ረኀቡን ያስታግሥለታል፤ ሳህኑ ላይ ምን እንደሚቀመጥ የመወሰኑ ሥራ ግን የታካሚው፣ የቤተሰቡና የሥነ ምግብ ባለሙያው ሆኖ ይቀጥላል።