የፊልም ድርሰት እንዴት ይመረጣል?

አምና የትምህርት ቤታችን የድራማ ክበብ አጭር ፊልም ለመሥራት አስቦ ድርሰት እንድናቀርብ በጠየቀ ጊዜ እኔም የበኩሌን ጽፌ አቅርቤ ነበር። ሦስቱ መራጮች ግን «ቋንቋው ያማረ ነው፤ ፊልም ግን አይሆንም» ብለው መለሱልኝ። እውነቱን ለመናገር ተቀይሜ ነበር። ያማረ ድርሰት እንዴት ፊልም አይሆንም? ይህን ለመረዳት ስል በዚህ ሥራ የሚተዳደሩ ሰዎች ድርሰት እንዴት እንደሚመርጡ መመርመር ጀመርሁ፤ ያገኘሁትንም ለውድ አንባብያን እነሆ አቀርባለሁ።

በአሜሪካ በሆሊውድ ለአንድ የፊልም ኩባንያ የሚቀርበው ድርሰት እጅግ ብዙ ስለ ሆነ ሥራ አስኪያጁ ሁሉንም ማንበብ አይችልም። ስለዚህ አስቀድሞ የሚያነበው ለዚሁ የተቀጠረ አንባቢ ነው። እርሱም ታሪኩን በአንድ ወይም በሁለት ገጽ አሳጥሮ ይጽፋል፤ አስተያየቱን ይጨምራል፤ በመጨረሻም ከሦስት ፍርዶች አንዱን ይሰጣል፤ ይኸውም «ይቅር»፣ «ይታሰብበት» ወይም «ይሠራ» የሚል ነው። «ይሠራ» የሚለው የሚጻፈው ከስንት አንድ ጊዜ ነው። ምክንያቱም አንባቢው ደካማውን ድርሰት ቢያመሰግን በአለቃው ዘንድ ያፍራል፤ ደኅናውን ቢጥለው ግን የሚያውቅበት የለም። (ይህን ስረዳ ለእኔም መራጮች ትንሽ አዘንሁላቸው።)

አንባቢው በመጀመሪያ መጠኑን ያያል። በተለመደው አጻጻፍ አንድ ገጽ በፊልም ላይ አንድ ደቂቃ ያህል ይወስዳል ተብሎ ስለሚገመት የሙሉ ፊልም ድርሰት ከ90 እስከ 120 ገጽ ነው። ቀጥሎም ዋናው ሰው ምን እንደሚፈልግና ምን እንደሚያግደው በመጀመሪያዎቹ አሥር ገጾች ውስጥ ይፈልጋል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን የሚታይና የሚሰማ ነገር መኖሩ ነው። እኔ በድርሰቴ «አልማዝ የልጅነት ዘመኗን እያስታወሰች በልቧ አዘነች» ብዬ ጽፌ ነበር። ካሜራ እልብ ውስጥ አይገባም! አልማዝ የእናቷን ነጠላ ከሣጥን አውጥታ፣ አሽትታ፣ መልሳ ብታስቀምጠው ግን ኀዘኗን ማንም ያየዋል። ወጪውም ይታሰባል፤ ጦርነትና ጎርፍ በወረቀት ላይ ብዙ ቀለም አይፈጁም፤ በፊልም ላይ ግን ገንዘብ ይፈጃሉ።

ሆኖም ፍርዱ ሁልጊዜ ትክክል አይደለም። ሮበርት ዜሜኪስና ቦብ ጌል «ባክ ቱ ዘ ፊውቸር» የተባለውን ድርሰት ይዘው ሲዞሩ ከ40 ጊዜ በላይ ተመልሶባቸዋል። ኮሎምቢያ የተባለው ኩባንያ ጨዋነቱ በዛ አለ፤ ዲዝኒ ደግሞ እናት ልጇ መሆኑን ሳታውቅ የምትወድበት ታሪክ ነውር ነው አለ። ፊልሙ በ1985 እ.ኤ.አ. ወጥቶ በዚያ ዓመት ከወጡት ፊልሞች ሁሉ የበለጠ ገንዘብ አስገባ። በ2005 እ.ኤ.አ. ደግሞ ፍራንክሊን ሌናርድ የተባለ የፊልም ባለሙያ የሥራ ባልደረቦቹን፣ ወድዳችሁት ገና ያልተሠራው ድርሰት የትኛው ነው ብሎ ጠይቆ ስም ዝርዝር አወጣ። በዚያ ውስጥ የነበረው «ጁኖ» ኋላ ተሠርቶ በድርሰቱ የኦስካር ሽልማት አግኝቷል።

ዘንድሮ እኔው ራሴ ከክበቡ መራጮች አንዱ ሆኛለሁ። ከቀረቡት ሰባት ድርሰቶች አንዱ የቅርብ ጓደኛዬ ሥራ ነው፤ አሥር ገጽ አንብቤ «ይቅር» ብዬ ጻፍሁበት። አንድ ሳምንት አላነጋገረኝም። ትናንት በእረፍት ሰዓት መጥቶ «አሥራ አንደኛውን ገጽ አይተኸዋል?» አለኝ። አላየሁትም ነበር። ድርሰቱን መልሼ ወስጃለሁ፤ ቅዳሜ እስከ መጨረሻው አነበዋለሁ።