የሃይብሪድ ካምቢዮ፦ ሞተሩ ሲጮህ ተበላሸ ማለት ነውን?

ሃይብሪድ መኪና ለመጀመሪያ ጊዜ የሚነዳ ሰው ሁለት ጊዜ ይደነግጣል። የመጀመሪያው ገና ከቆመበት ሳይነቃነቅ ነው። ማስነሻውን ይጫናል፤ ምንም የሚሰማ ነገር የለም። የለመደው የሞተሪኖ ድምፅ የለም፤ ዳሽቦርዱ ላይ «ሬዲ» የምትል ጽሑፍ ትበራለች፣ በቃ። አልተነሳም ብሎ ደግሞ ይጫናል፤ የተነሳውን መኪና በገዛ እጁ ያጠፋዋል። ሁለተኛው ድንጋጤ ዳገት ላይ ይጠብቀዋል። ነዳጅ ሲሰጠው ሞተሩ በአንድ ጊዜ ጮኾ ከፍ ይልና እዚያው ላይ ይቆማል፤ ፍጥነቱ ግን ከኋላ ቀስ እያለ ይከተለዋል። ማኑዋል ሲነዳ ለኖረ ሰው ይህ ድምፅ አንድ ትርጉም ብቻ አለው፦ ፍሪሲዮን አልቋል፣ ያንሸራትታል።

ድምፁ በገበያ ላይ ገንዘብ ያስወጣል። ጤነኛውን መኪና «ካምቢዮው ሞቷል» ብሎ ጥሎ የሚሄድ ገዢ አለ። ምንም ያልሆነ ካምቢዮ ጋራዥ ወስዶ የሚያስፈታ ባለንብረትም አይጠፋም። ከሁለቱ የባሰው ግን ተቃራኒው ነው፤ በእርግጥ የሚያንሸራትት ካምቢዮ ያለበትን መኪና «ሃይብሪድ እኮ እንዲህ ነው የሚጮኸው» ተብሎ የሚገዛው ሰው። የስህተቱ ምንጭ አንድ ስም ነው። «ሲቪቲ» የሚለው መጠሪያ ፈጽሞ የማይመሳሰሉ ሁለት ዕቃዎች የሚሸጡበት ስም ሆኗል።

ሲቪቲ ማለት በአጭሩ ማርሽ የማይቆጠርበት ካምቢዮ ነው። በተለመደው ካምቢዮ ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ፣ ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ እንደ ደረጃ ይወጣል። በእያንዳንዱ ደረጃ የሞተሩ ድምፅ ይወጣል፣ ይወርዳል፤ የአሽከርካሪው ጆሮም ፍጥነትን የሚለካው በዚሁ ነው። በሲቪቲ ደረጃው የለም። ሞተሩ ለጊዜው በሚስማማው ዙር ላይ ተቀምጦ፣ ካምቢዮው በሞተሩና በጎማው መካከል ያለውን ልዩነት ሳያቋርጥ እየለዋወጠ ያስኬዳል። እዚህ ድረስ ሁለቱም ዓይነቶች አንድ ናቸው።

የመጀመሪያው ዓይነት ባለቺንጋው ነው። ሁለት መዘውሮች አሉ፤ እያንዳንዳቸው ፊት ለፊት ከተጋጠሙ ሁለት ሾጣጣ ሳህኖች የተሠሩ ናቸው። በመካከላቸው ቺንጋ ይዞራል። ሳህኖቹ ሲጠጋጉ ቺንጋው ወደ ጠርዝ ይወጣል፣ ሲራራቁ ወደ መሃል ይሰምጣል፤ የማርሹ ልክ የሚለወጠው እንዲህ ነው። የኔዘርላንዱ ዳፍ ፋብሪካ ይህን አሠራር በጎማ ቺንጋ እ.ኤ.አ. በ1958 ለሕዝብ መኪና አውጥቶታል፤ በኋላ ቺንጋው ብረት ሆነ። ለአዲስ አበባ ሰው ቅርብ የሆነው ምሳሌ ለጃፓን ገበያ ተሠርቶ ከ2005 እ.ኤ.አ. ወዲህ የወጣው ቪትዝ ነው፤ ብዙዎቹ አውቶማቲኮች በውስጣቸው ያለው ይኸው ባለቺንጋ ሲቪቲ ነው። ከሃይብሪዶች ደግሞ የሆንዳ የቀድሞዎቹ ሲቪክ ሃይብሪድና ኢንሳይት የሚጠቀሱ ናቸው። በእነዚህ ብረት ብረትን ጨብጦ የሚጎትተው በግፊትና በትክክለኛው ዘይት ብቻ ስለሆነ፣ ዘይቱ ከተበላሸ ወይም ያልታዘዘለት ከተሞላ ቺንጋው መንሸራተት ይጀምራል። የተንሸራተተ ቺንጋ መዘውሩን ይፍቀዋል፤ የተፋቀ መዘውር ደግሞ ይበልጥ ያንሸራትታል። ከዚያ በኋላ ያለው ሒሳብ ለባለንብረቱ መልካም አይደለም።

ሁለተኛው ዓይነት ቺንጋ የሚባል ነገር የለውም። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1997 ጃፓን ውስጥ ለሽያጭ ያቀረበው ፕሪየስ ይዞት የመጣው፣ ኋላም ወደ ሌሎቹ ሃይብሪዶቹ የተዛመተው ይህ ነው። መግለጫው ላይ «ኢ-ሲቪቲ» ተብሎ ይጻፋል፤ ሻጮች ግን ፊደሏን ይዘልሏታል። መሃል ላይ አንድ ጥርስ ያለው ማርሽ አለ፤ በዙሪያው ትንንሽ ማርሾች ይዞራሉ፤ ሁሉንም ከውጭ ጥርሱ ወደ ውስጥ የሆነ ቀለበት ይከባቸዋል። የመሃሉ ከአንደኛው ኤሌክትሪክ ሞተር ጋር፣ ትንንሾቹን የያዘው ክፍል ከቤንዚን ሞተሩ ጋር፣ የውጪው ቀለበት ደግሞ ከሁለተኛው ኤሌክትሪክ ሞተርና ከጎማዎቹ ጋር ተያይዟል። የቤንዚን ሞተሩ ከሚያወጣው የመጠምዘዝ ኃይል 72 በመቶው በቀጥታ ወደ ቀለበቱ፣ 28 በመቶው ወደ መሃሉ ይሄዳል። አንደኛው ኤሌክትሪክ ሞተር ፈጠን ወይም ቀስ ሲል የቤንዚን ሞተሩ ዙር ከጎማው ፍጥነት ተለይቶ ይወጣል ወይም ይወርዳል። ማርሾቹ ሁልጊዜ እንደተነካከሱ ናቸው። የሚገባ የለም፣ የሚወጣም የለም፤ ስለዚህ የሚንሸራተት ነገርም የለም።

በዚህም ምክንያት ከፕሪየስ ውስጥ የጠፉት ዕቃዎች ብዙ ናቸው። ፍሪሲዮን የለም። ሞተሪኖ የለም፤ የቤንዚን ሞተሩን የሚያስነሳው አንደኛው ኤሌክትሪክ ሞተር ነው። ዲናሞም የለም። የኋላ ማርሽ እንኳ የለውም፤ ወደኋላ የሚሄደው ሁለተኛው ኤሌክትሪክ ሞተር በተቃራኒ ስለሚዞር ነው።

ወደ አነዳዱ ስንመለስ፣ መኪናው መልካም ጠባዩን የሚያሳየው በተጨናነቀ መንገድ ላይ ነው። ቆሞ ሲነሳ የሚጎትተው ኤሌክትሪክ ስለሆነ ለስላሳ ነው፤ መንገጫገጭ የለም፣ የፍሪሲዮን እግር ድካም የለም። በሁለተኛው ትውልድ ፕሪየስ፣ ባትሪው ከበቃና እግር ከቀለለ፣ የቤንዚን ሞተሩ እስከ 67 ኪሎ ሜትር በሰዓት ገደማ ድረስ ጠፍቶ ሊቆይ ይችላል። ነዳጁ ከበድ ተደርጎ ሲረገጥ ነው ጩኸቱ የሚመጣው። ኮምፒዩተሩ የተጠየቀውን ኃይል አስልቶ ሞተሩን ቀድሞ ወደሚያዋጣው ዙር ይወስደዋል፤ ፍጥነቱ በኋላ ይደርስበታል። የለመዱት አሽከርካሪዎች የሚያደርጉት ቀላል ነው፦ የሚፈልጉት ፍጥነት ላይ ሊደርሱ ሲሉ እግራቸውን ጥቂት ያነሳሉ። ጩኸቱ ወዲያው ይወርዳል፣ መኪናው ግን ፍጥነቱን እንደያዘ ይሄዳል።

የፍሬኑ ነገርም ለብቻው ትምህርት ይጠይቃል። ፍሬን ቀስ ተብሎ ሲረገጥ መጀመሪያ የሚያዘው ሸራው ሳይሆን ኤሌክትሪክ ሞተሩ ነው፤ ዲናሞ ሆኖ ባትሪውን ይሞላል። መኪናው ሊቆም ሲል ነው ሸራው የሚረከበው። ሸራ ለረጅም ጊዜ የሚቆየው ከዚህ የተነሳ ነው። ርክክቡ በእግር ሥር ይታወቃል፤ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2010 ቶዮታ የሦስተኛውን ትውልድ ፕሪየስ መኪናዎች ለእርማት የጠራው በዚሁ ጉዳይ ነበር። በጎርባጣና በሚያንሸራትት መንገድ ላይ ፍሬኑ ለቅጽበት የላላ ይመስላል የሚል አቤቱታ በመብዛቱ የኮምፒዩተሩ ፕሮግራም እንዲስተካከል ተደርጓል።

በዋሽንግተን ዲሲና አካባቢው ታክሲ የሚነዱ ኢትዮጵያውያን ፕሪየስን በሚገባ ያውቁታል። ምክንያቱ ከቁጥሩ ይታያል፦ የ2010 ሞዴሉ ፕሪየስ በአሜሪካ መንግሥት መለኪያ በከተማ ውስጥ በጋሎን 51 ማይል፣ በአውራ ጎዳና 48 ማይል ይሄዳል። ወደ እኛ ሲመለስ በሊትር 21.7 እና 20.4 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ተራው መኪና ከተማ ውስጥ ይበላል፤ ይህኛው ከተማ ውስጥ ይቆጥባል። ከሁለተኛው ትውልድ ጀምሮ አየር ማቀዝቀዣውን የሚያዞረው ኤሌክትሪክ ስለሆነም በኤርፖርት ወረፋ ላይ ሞተሩ ጠፍቶ መቀዝቀዝ ይቻላል፤ ባትሪው ሲቀንስ ሞተሩ ራሱ ተነስቶ ሞልቶ ራሱ ይጠፋል። ክረምት ላይ ግን ሙቀቱ ከሞተሩ ስለሚመጣ ቁጠባው ይቀንሳል።

ወረፋ ላይ አንድ የቆየ ልማድ ጉዳት አለው። ብዙ አሽከርካሪ ሲቆም ወደ ዜሮ ማርሽ ያወጣል። ሃይብሪዱ ዜሮ ማርሽ ላይ ሆኖ ባትሪውን መሙላት አይችልም፤ መብራትና ማቀዝቀዣ ግን መብላታቸውን አይተዉም። መቆም ካስፈለገ «ፒ» ላይ ማቆም ነው፣ አለዚያም እንዳለ በፍሬን መያዝ። ቁልቁለት ላይ ነዳጅ ለመቆጠብ በዜሮ ማርሽ መልቀቅማ ጭራሽ ኪሳራ ነው፤ በነፃ የሚገኘውን ኤሌክትሪክ መጣል ነውና።

ቁልቁለት ከተነሳ ዘንድ ከጎሐ ፅዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርደውን መንገድ ማሰብ ይጠቅማል፤ ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው። ከነተሳፋሪው 1 ሺህ 500 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና 1 ሺህ ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት 4 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ነው። የሁለተኛውና የሦስተኛው ትውልድ ፕሪየስ ባትሪ ሙሉ አቅሙ 1.3 ኪሎ ዋት ሰዓት ሲሆን ኮምፒዩተሩ የሚጠቀመውም የመካከሉን ክፍል ብቻ ነው። ከጉልበቱ ጎማና ንፋስ የሚወስዱት ቢኖርም፣ ባትሪው መውረጃው ሳይጋመስ ይሞላል። ከዚያ በኋላ ኮምፒዩተሩ የተረፈውን ጉልበት ለመጣል የቤንዚን ሞተሩን ያለ ነዳጅ ያዞረዋል። እግር ከነዳጅ ላይ ተነስቶ ሳለ ሞተሩ ቁልቁለት ላይ ያጓራል! ብልሽት አይደለም፤ ፍሬኑን እያዳነው ነው። ረጅም ቁልቁለት ሲጀመር «ቢ» የሚለውን ቦታ ማስገባት ይህንኑ ሥራ ቀደም ብሎ ያስጀምራል።

ከፍታውም የራሱ ድርሻ አለው። አዲስ አበባ ላይ አየሩ ስስ በመሆኑ ተርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር በባሕር ጠረፍ ከሚሰጠው ኃይል አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። ኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይተነፍስ አይቀነስበትም። ስለዚህ መኪናው አዲስ አበባ ላይ ሲነሳ ደህና ነው፤ ወደ እንጦጦ ረጅሙን ዳገት ሲይዝ ግን ባትሪው የሚረዳው ለጥቂት ጊዜ ነው፣ የቀረውን የሚሸከመው የደከመው ሞተር ነው። እዚህ የሚሰማው ጩኸት በመጽሐፉ ከሚጠበቀው ቢበረታ የሚገርም አይሆንም።

ታዲያ ጤነኛውን ጩኸት ከበሽታው እንዴት መለየት ይቻላል? በተለይ በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ወደ አገር መግባት የሚችለው የኤሌክትሪክ መኪና ብቻ መሆኑን ካስታወቁ ወዲህ፣ እዚህ ሃይብሪድ የሚፈልግ ሰው የሚያገኘው በአብዛኛው ሲነዳ የቆየውን ነው። ፕሪየስ የሞተር ዙር መቁጠሪያ ሰዓት የለውም፤ ገዢው ያለው መሣሪያ ጆሮው ነው። መጀመሪያ ሞዴሉን አጣርቶ ባለቺንጋ መሆን አለመሆኑን ይወቅ። ባለቺንጋ ከሆነ፣ እግር ሳይንቀሳቀስ የሞተሩ ዙር የሚወጣና የሚወርድ፣ ሲነሳ የሚንቀጠቀጥ፣ «ዲ» ወይም «አር» ሲገባ የሚዘገይ ከሆነ ጥርጣሬው እውነት ነው፤ ዋጋው እስኪወርድ ሳይሆን እስኪፈተሽ መጠበቅ ይሻላል። በቶዮታው ዓይነት ግን ጩኸቱ የተረጋጋ ነው፤ እግር ሲነሳ አብሮ ይወርዳል፣ የሚነዝር ነገር የለም።

በቶዮታው ዓይነት ጩኸት አብዝቶ የሚሰማ ከሆነ የሚጠረጠረው ካምቢዮው ሳይሆን ባትሪው ነው። የደከመ ባትሪ ምልክቱ አንዲት ዳገት ላይ ከሙሉ ወደ ባዶ፣ ቁልቁለቱ ላይ ደግሞ ከባዶ ወደ ሙሉ መዝለሉ ነው። ረዳት ያጣው ሞተር ሁልጊዜ ይሠራል፣ ይጮሃል። ከኋላ ወንበር አጠገብ ያለችው የአየር መሳቢያ ቀዳዳም ልትታይ ይገባል። ባትሪው የሚቀዘቅዘው በእርሷ ነው፤ አቧራ ከደፈናት ወይም ተሳፋሪ ሻንጣ ከደገፈባት ባትሪው ይሞቃል፣ ዕድሜውም ያጥራል። ታክሲ ሆኖ የሠራ መኪና ከሆነ ክዳኗን አስከፍቶ ማየት ከአንድ ሰዓት የመንገድ ሙከራ የበለጠ ይናገራል።

ዘይቱንም መጠየቅ ነው። «ሲቪቲ ነው» ተብሎ በስሙ ብቻ የባለቺንጋ ዘይት እንዳይሞላ፤ ቶዮታ ከሁለተኛው ትውልድ ጀምሮ ለፕሪየስ ያዘዘው «ደብሊው ኤስ» የተባለውን የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ነው። ጠዋት መኪናው ጭራሽ አልነሳም ካለ ደግሞ ትልቁን ባትሪ ከመኮነን በፊት ትንሿ የ12 ቮልት ባትሪ ትለካ። ትልቁ ሙሉ ሆኖ ትንሿ ከሞተች «ሬዲ» አትበራም፤ የእርሷ ዋጋና የትልቁ ዋጋ ደግሞ ለንጽጽር አይቀርብም።