ጨጓራ በሎቹ ፖርቶዎች

የፖርቱጋል ሁለተኛ ከተማ የፖርቶ ተወላጅ «ትሪፔይሩ» ይባላል፤ ጨጓራ በል እንደማለት ነው። ሌላ ቦታ ቢሆን ያጣላ ነበር፤ ፖርቶዎች ግን ደረታቸውን ነፍተው ይጠሩበታል። እነሱ እንደሚያወሩት፣ በ1415 እ.ኤ.አ. ልዑል ኤንሪኬ ባሕር ተሻግሮ የሰሜን አፍሪካዋን ከተማ ሴውታን ሊወጋ መርከብ ሲያሰናዳ ሕዝቡ ከብቱን አርዶ ሥጋውን ለዘማቹ ሰጠ። ለራሱ የተረፈው ጨጓራና አንጀት ብቻ ሆነ። ታሪክም ይሁን ተረት፣ ወጡ ግን ዛሬም ይሠራል።

ወጡ ነጭ ቦሎቄ ከጨጓራ፣ ከጥጃ እግር፣ ከቋሊማና ከካሮት ጋር ሲንተከተክ ውሎ፣ ከሙን ገብቶበት ከሩዝ ጋር የሚቀርብ ነው። ዱለት እየበላ ላደገ ሰው እንግዳ አይሆንበትም። ዱለት ደቅቆ ለብለብ ሲደረግ፣ የፖርቶው ጨጓራ ግን በትልልቁ ተቆርጦ እስኪለሰልስ ይቀቀላል። ቋሊማው ግን የአሳማ ነው። የአሳማ ሥጋ የማይበላ እንግዳ «ፖርኩ» የምትለውን ቃል ቀድሞ ቢይዝ ይበጀዋል፤ በዚህ ከተማ አሳማ የማይገባበት ድስት ፈልጎ ማግኘት ያደክማልና። «ካልዱ ቬርድ» የሚባለው የድንችና የጎመን ሾርባ እንኳ ከላዩ አንዲት ክብ ቋሊማ ጣል ይደረግበታል።

ወጣቱ የሚሰለፍለት ደግሞ «ፍራንሴዚኛ» ነው፤ ትርጉሙ ትንሿ ፈረንሳዊት። በ1950ዎቹ ዳንኤል ዳ ሲልቫ የተባለ ከፈረንሳይ የተመለሰ ሰው፣ እዚያ ያየውን በአይብና በካም የሚሠራ ትኩስ ሳንድዊች «አ ሬጋሌይራ» በተባለ ምግብ ቤት ለፖርቶ ሆድ በሚመጥን ልክ አሳደገው። በሁለት ወፍራም ዳቦ መሐል ስቴክ፣ ካምና ሁለት ዓይነት ቋሊማ ይደረደራል፤ በላዩ አይብ ይቀልጥበታል፤ ከዚያ በቢራና በቲማቲም የተሠራ የሚያቃጥል ስጎ ሳህኑ እስኪጥለቀለቅ ይፈስበታል። በእጅ አይነካም። ቢላዋው ሲገባ አይብ እንደ ክር ይሳባል፣ ዳቦው ስጎውን መጥጦ ይርሳል፣ ዙሪያውን ያለው የድንች ጥብስም አብሮ ይዋኛል። የስጎውን ቅመም ማንም ቤት አይናገርም። አንዱ ለሁለት ሰው ይበቃል፤ ይህን ያልሰማ እንግዳ ከሰዓት በኋላውን ሆቴሉ ተኝቶ ያሳልፈዋል።

የት ይበላል ለሚለው፣ መጀመሪያ የት እንደማይበላ ማወቁ ይሻላል። የዶውሮ ወንዝ ዳር፣ ሪቤይራ የሚባለው ሰፈር፣ ለዓይን ድንቅ ነው። ሆኖም የምግብ ፎቶ በአምስት ቋንቋ ለጥፎ በር ላይ ቆሞ «ግቡ፣ ግቡ» የሚል አስተናጋጅ ካለ ማለፍ ነው። ዳገቱን ጥቂት ከወጡ፣ ጠረጴዛው በወረቀት የተሸፈነ፣ የዕለቱ ምግብ በእጅ ጽሕፈት መስኮቱ ላይ የተለጠፈበት «ታሽካ» የሚባል ትንሽ ቤት አይጠፋም። ምሳ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ገደማ ይጀምራል፤ እራት ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በፊት የሚፈልግ ከቱሪስት ጋር ብቻውን ይቀመጣል። ብዙ ቤቶች «ሜያ ዶዝ»፣ ማለትም ግማሽ፣ ያዘጋጃሉ፤ ለአንድ ሰው ያ ግማሽ ይበቃል።

እንግዳው ገና ሳያዝዝ ዳቦ፣ ቅቤ፣ የወይራ ፍሬ፣ አንዳንዴም አይብ ይቀርብለታል። የቤቱ ግብዣ የሚመስለው ብዙ ነው። አይደለም፤ ከነኩት ሂሳብ ላይ ይገባል። ካልፈለጉ «አያስፈልግም» ብሎ መመለስ ማንንም አያስቀይምም፤ ያልታዘዘና ያልተነካ ነገር ሊያስከፍሉ ሕጉም አይፈቅድም።

ዓሣ የፈለገ ከመሐል ከተማ በሜትሮ ሰማያዊ መስመር ወደ ማቶዚኞስ ይሂድ። የዓሣ ወደብ ናት። ምግብ ቤቶቹ ፍሙን አውጥተው መንገድ ዳር ስለሚጠብሱ፣ መንገደኛው ምልክት ሳያይ ጭሱን ተከትሎ ይደርሳል። እዚህ ከዓሣው ላይ ደረቅ ጨው እንጂ ቅመም አይበዛም። መሐል ከተማው ውስጥ ደግሞ በ1914 የተሠራው የቦልያው ገበያ አለ፤ ዓመታት የፈጀ ዕድሳት ጨርሶ በ2022 ተከፍቷል። «ባካልያው» የሚባለው በጨው የደረቀ ኮድ ዓሣም በፖርቶ የራሱ አሠራር አለው፤ ጎሜስ ደ ሳ በተባለ የባካልያው ነጋዴ ስም ይጠራል። ጨዉ እስኪለቅ ውኃ ውስጥ የከረመው ዓሣ ተፈልፍሎ፣ ከድንች፣ ከሽንኩርት፣ ከተቀቀለ ዕንቁላልና ከጥቁር ወይራ ጋር በምድጃ ይጋገራል። አሳማ ለማይበላው እንግዳ ትልቅ እፎይታ ነው።

ቡናው ኤስፕሬሶ ነው፤ ነባሩ ሰው ግን «ሲምባሊኑ» ይለዋል፣ «ላ ቺምባሊ» ከተባለው የጣሊያን ማሽን ወስዶ። ወተት ጠብ የተደረገበት «ፒንጉ» ይባላል፤ ማኪያቶ ለለመደ ሰው ቅርብ ዘመድ ነው። ፖርቱጋሎች ሮቡስታ የተቀላቀለበት ቡና ስለማይጠሉ፣ የይርጋጨፌን ጣዕም የሚያውቅ ምላስ መጀመሪያ ላይ ምርር ይለዋል። በ1921 የተከፈተው ካፌ ማጀስቲክ በመስታወቱና በተቀረጸ እንጨቱ ያምራል፤ ወረፋውና ዋጋውም የዚያኑ ያህል ነው። ድራፍት ቢራ የፈለገ «ፊኑ» ይበል፤ «ኢምፔሪያል» ካለ የሊዝበን ሰው መሆኑ ይታወቅበታል።

የፖርቶ ስም የተሸከመው ወይን ግን ከፖርቶ አይደለም። ወይኑ የሚበቅለው ወደ ምሥራቅ፣ በላይኛው የዶውሮ ሸለቆ ነው፤ የፖርቱጋሉ ሚኒስትር ማርኬስ ደ ፖምባል በ1756 ወሰን ያስከለሉት አገር። የሚያርፈው ደግሞ ከወንዙ ማዶ፣ ቪላ ኖቫ ደ ጋያ በምትባል ሌላ ከተማ መጋዘኖች ውስጥ ነው፤ የውቅያኖሱ ነፋስ ቀዝቀዝ ያደርጋታልና። ወይኑ እየፈላ ሳለ 77 በመቶ አልኮል ያለው ከወይን የወጣ አረቄ ይጨመርበታል፤ እርሾው ይሞታል፣ ያልፈላው ስኳር እዚያው ይቀራል። ጣፋጭነቱም ኃይለኝነቱም ከዚህ ይመጣል፤ አልኮሉ 20 በመቶ ገደማ ይደርሳል። «ሩቢ» ቀይና ፍሬ ፍሬ የሚል ነው፤ «ቶኒ» በእንጨት በርሜል ለዓመታት ተቀምጦ ወደ ቡናማ የተለወጠ። ቀማሹ በ1886 በተመረቀው የዶም ሉዊስ ድልድይ የላይኛው ወለል በእግሩ ቢሻገር ይመረጣል፤ ሲመለስ ግን ሜትሮው ይሻለዋል።

ቀን መምረጥ የሚችል የሳኦ ጆአኦን (የቅዱስ ዮሐንስ በዓል) ዋዜማ፣ ጁን 23ን (ሰኔ 16) ይምረጥ። በዚያች ሌሊት ሕዝቡ በፕላስቲክ መዶሻ እርስ በርሱ ጭንቅላት ለጭንቅላት እየተመታታ ሲጨፍር ያነጋል፤ በየበሩ ሰርዲን ይጠበሳል። ሰርዲኑ በቁራሽ ዳቦ ላይ ይቀመጥና በጣት እየተላጠ ይበላል፤ ስቡ ሲንጠባጠብበት ያመሸው ዳቦ መጨረሻ ላይ ይጎረሳል።