ፎቶ አንሺው ገደል አፋፍ ላይ ምን ይፈልጋል?

ከጎንደር ወደ ደባርቅ ስንሄድ፣ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ኮሶዬን እናገኛለን። አገሩ ደጋ ነው፤ ይበርዳል። ከመንገዱ ፈቀቅ ስንል ገደል ነው። ከታች ቆላው ተዘርግቶ ይታያል።

ጎህ ሳይቀድ ካሜራ ተሸክሞ እዚህ የሚመጣ ሰው አለ። አፋፉ ላይ ቁጭ ይላል። ለመሆኑ ምን ይፈልጋል? ጭላዳ!

ጭላዳ የሚያድረው ገደል ላይ ነው። ነብርና ጅብ እንዳያገኙት ነዋ! ጠዋት ወደ ሜዳው ይወጣል። ፀሐይ ይሞቃል፤ ሣር እየነጨ ይበላል። ደረቱ ላይ ቀይ ምልክት አለው። በዱር የሚኖረው በአገራችን ብቻ ነው።

የጠዋት ፀሐይ በጎን ስትመጣ የወንዱ ጎፈር ያበራል። ረፋዱ ካለፈ ፊቱ በጥላ ይጠቁራል። ስለዚህ ፎቶ አንሺው ያችን ሰዓት ይጠብቃል። ከሮጠ መንጋው ይሸሻል። ዝም ብሎ ከተቀመጠ ግን ይለምደዋል። አንዳንድ ቀን ጉም ይመጣና ባዶ እጁን ይመለሳል። በነጋታው ደግሞ ይመጣል። የሚያመጣው ገንዘብ ብቻ አይመስለንም።

ማይክል ኒኮልስ የተባለ አሜሪካዊ በሰሜን ተራሮች ጭላዳን ፎቶ አንስቷል። ፎቶዎቹ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2002 ናሽናል ጂኦግራፊክ በተባለ መጽሔት ወጡ። ስንቱ የሩቅ አገር ሰው ጭላዳን ያየው በፎቶ ነው!

ገበሬውስ? እሱ ጭላዳን የሚያውቀው ገብሱን ሲበላበት ነው። ፎቶ አንሺው መንገድ መሪ ሲቀጥር፣ በቅሎ ሲከራይ ገበሬውም ያገኛል። ካላገኘ ግን ጭላዳ ለእሱ ሌባ ነው። ወንጭፍ ይዞ ማሳ የሚጠብቀውን ልጅና ጭላዳውን አንድ ላይ የሚያሳይ ፎቶ እኛ ገና አላየንም።